በልጅነታችሁ ጥቃት ያደረሰባችሁ ሰው በአመክሮ እንዳይፈታ ስትከራከሩ

የአመክሮ ማስታወቂያ በደረሰ ቀን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፊርማ ማሰባሰብን ወይም ፌስቡክ ላይ መጻፍን ነው። ቁጣው ትክክል ነው፤ ልጅ ላይ የደረሰ በደል ዝም የሚያሰኝ አይደለም። ግን ውሳኔ ሰጪዎቹ የሚያነቡት በጊዜው ፋይሉ ውስጥ የገባውን ወረቀት ነው። አደባባይ ላይ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ አይደርሳቸውም፤ ቢደርሳቸውም የሕዝብ ጩኸት ለውሳኔያቸው ምክንያት ሊሆን አይችልም። አሥር ሺህ ፊርማ ተሰብስቦ የተጎጂው መግለጫ (ጉዳታችሁን የምትገልጹበት ሰነድ) ማስገቢያ ቀን ካለፈ፣ ፊርማው የመግለጫውን ቦታ አይተካም። ስለዚህ ወረቀቱ ይቀድማል፤ አደባባዩ ከዚያ በኋላ ነው።

ቦርዱ የሚመልሰው ጥያቄ

የአመክሮ ቦርድ ሰውየውን ዳግም አይዳኝም። የወንጀሉ ክብደት በተፈረደው ዓመት ተመዝኗል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ አሁን የቀረው ጥያቄ ይህ ሰው ዛሬ ቢወጣ ለሌላ ልጅ አደጋ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ መለኪያው ይኸው ነው፦ ሰውየው ታስሮ መቆየቱ ለሕዝብ ደኅንነት ከእንግዲህ አስፈላጊ ካልሆነ ብቻ ይፈታል። በኢትዮጵያ እስረኛን በአመክሮ የሚፈታው ፍርድ ቤት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ፍርደኛ፣ በማረሚያ ቤቱ አሳሳቢነት ወይም በራሱ አቤቱታ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። መስፈርቶቹ ጠባዩ ለመሻሻሉ ተጨባጭ ማስረጃ መኖሩ፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱ፣ ከወጣ በኋላም በመልካም ጠባይ እንደሚኖር የሚያሳምን ነገር መታየቱ ናቸው። መሀለኛውን ልብ በሉ። ካሳ ተፈርዶበት ካልከፈለ፣ ያንን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ከአሥር የምሬት ደብዳቤ የበለጠ ይመዝናል።

«ያደረገው ይቅር አይባልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ለቦርዱ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። ሕመማችሁ ቦታ አለው፣ ቦታውም የተጎጂ መግለጫ ነው። የአደጋው ማስረጃ ከዚያ የተለየ ሰነድ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ስትቀላቅሉ አንባቢው ማስረጃውን እንደ ስሜት ቆጥሮ ያልፈዋል።

በየትኛው በር እንደሚወጣ ለዩ

እስረኛ የሚወጣባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ አመክሮ፣ በሕግ የተወሰነ መፈቻ ቀን፣ ይቅርታ፣ በሕመም ምክንያት መለቀቅ። እያንዳንዱ በር የራሱ መሥሪያ ቤትና የራሱ የአቤቱታ መንገድ አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከኅዳር 1987 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል አመክሮ የሚባል ነገር ቀርቷል። በእንግሊዝም የተወሰነ ዓመት የተፈረደባቸው ብዙዎቹ እስረኞች ቀናቸው ሲደርስ ቦርድ ፊት ሳይቀርቡ ይወጣሉ። ቦርድ በሌለበት «አትፍቱት» ማለት ጉልበት ማባከን ነው፤ እዚያ ሊጠየቅ የሚችለው ሲወጣ የሚጣልበት ግዴታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የፍርዱን ማብቂያ ቀን እወቁ። በብዙ ዘመቻዎች ውስጥ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። በአመክሮ የወጣ ሰው ተቆጣጣሪ አለው፣ የሚኖርበት ቤት ይታወቃል፣ ግዴታውን ሲጥስ ይመለሳል። ፍርዱን እስከ መጨረሻው ታስሮ የጨረሰ ሰው ግን በብዙ አገር በሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ ማንም አይጠይቀውም። የቀረው አሥር ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ከሆነ «አይፈታ» ማለት ትርጉም አለው። የቀረው ስምንት ወር ከሆነ ግን ስምንት ወር አግዳችሁ ያለ ተቆጣጣሪ እንዲወጣ እያደረጋችሁ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሙሉ ክርክሩን ወደ ግዴታዎቹ ማዞር ይሻላል። ከፍርዱ በኋላም የሚቀጥሉ ትእዛዞች መኖራቸውን አጣሩ። ለምሳሌ በእንግሊዝ በወሲብ ወንጀል 30 ወርና ከዚያ በላይ የተፈረደበት አዋቂ፣ አድራሻውን ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታው ጊዜ አልተወሰነለትም፤ እንዲነሣለት ማመልከት የሚችለው ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

ሳትመዘገቡ ማንም አይጠራችሁም

ማስታወቂያ በራሱ አይመጣም። በአብዛኛው አገር ተጎጂው ራሱ መመዝገብ አለበት። በካሊፎርኒያ የጠየቀ ተጎጂ ከችሎቱ ቢያንስ 90 ቀን በፊት እንዲነገረው ሕጉ ያዛል። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ በወሲብ ወይም በኃይል ወንጀል 12 ወርና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው ተጎጂ፣ ፈቃደኛ ከሆነ አንድ የተጎጂ ጉዳይ ኦፊሰር ይመደብለታል። በአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ውስጥ ሜሪ ባይረን የተባለች ወጣት በታኅሣሥ 1993 (እ.ኤ.አ.)፣ በ21ኛ ዓመት ልደቷ ቀን ተገደለች። የገደላት ጥቃት ያደረሰባት የቀድሞ የፍቅር ጓደኛዋ ነበር፤ ከእስር መውጣቱን የነገራት ሰው አልነበረም። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የእስረኛን መውጣት በስልክና በመልእክት የሚያሳውቀው «ቫይን» የተባለ አገልግሎት የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

የልጅነት ጥቃት የተለየ ችግር አለው። ፍርዱ ሲሰጥ ልጅ ከነበራችሁ፣ መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ነው፤ የቤተሰቡ ቤት ተሽጦ፣ እናት ሞታ፣ ስልኩ ተቀይሮ ይሆናል። ጥቃት አድራሹ የቤተሰቡ አባል ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ለእሱ በሚወግን ዘመድ እጅ ገብቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ 18 ዓመት ሲሞላችሁ፣ ካለፈም ዛሬውኑ፣ በራሳችሁ ስም ተመዝገቡ። አድራሻ በቀየራችሁ ቁጥር አሳውቁ። ከቻላችሁ ሁለተኛ ሰው በተጠባባቂነት አስመዝግቡ። ደብዳቤውን ከፍቶ የሚያነብላችሁ ሰውም አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ያ ፖስታ ብቻችሁን በምትሆኑበት ሌሊት መከፈት የለበትም።

ስትመዘገቡ የእስረኛውን መለያ ቁጥር፣ የፍርዱን መዝገብ ቁጥርና የማስረጃ ማስገቢያውን የመጨረሻ ቀን ጠይቁ። ሦስቱን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከምትልኩት ሰነድ ሁሉ አናት ላይ አድርጉት። መለያ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ስሙ ከሌላ እስረኛ ጋር ተመሳስሎ የተሳሳተ ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መግለጫው

ሁለት ገጽ፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ ያለፈ መግለጫ ሲነበብ ሰሚው ይደክማል፣ አንባቢውም ይሰበራል። ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩት፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከወሰደ ቀንሱ።

የጥቃቱን ዝርዝር መድገም አያስፈልግም። ፍርዱ ፋይሉ ውስጥ አለ። ደግሞም ጥቃት አድራሹ ያንን ዝርዝር በእናንተ ቃል እንዲያነብ ምክንያት የለም። መጻፍ ያለበት ከፍርዱ ወዲህ ያለው ኑሮ ነው። እንቅልፍ፣ ትዳር፣ ልጅ ማሳደግ፣ ሥራ፣ ሐኪም ቤት፣ ከቤተሰብ መቆራረጥ። ጠቅላላ ቃል ሳይሆን የሚታይ ነገር ጻፉ። «ሕይወቴ ተበላሸ» ከሚለው ይልቅ «ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ባለቤቴ ነው፤ እኔ በር ላይ ወንድ አስተማሪ ቆሞ ካየሁ እግሬ አይሄድም» የሚለው ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ቢፈታ በተጨባጭ ምን እንደሚለወጥባችሁ ግለጹ። የትኛውን መንገድ ትተዋላችሁ? የትኛውን የቤተሰብ ለቅሶና ሠርግ ትቀራላችሁ?

በእንግሊዝ ይህ መግለጫ የጥቃቱን ጉዳት ለመግለጽ እንጂ «ይፈታ፣ አይፈታ» የሚል አስተያየት ለመስጠት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እንድታወጡት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። በካሊፎርኒያ ግን ተጎጂው በአመክሮው ላይ ያለውን አቋም በግልጽ ይናገራል። የምታስገቡበትን ቦታ ደንብ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ዋናው ዓረፍተ ነገራችሁ ተሰርዞ ያገኛችሁታል።

አንድ ነገር ደግሞ በደማቁ ይሰመርበት፦ መግለጫውን እስረኛው ያነበዋል ብላችሁ ጻፉ። እንዳይታይ መጠየቅ የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ፤ የሚፈቀደው ግን በልዩ ሁኔታ ብቻ ነው፣ ጥያቄውም ሰነዱ ከመግባቱ በፊት መቅረብ አለበት። የመኖሪያ ሰፈር፣ የመሥሪያ ቤት ስም፣ በጋብቻ የተቀየረ ስም፣ የልጆች ስምና ትምህርት ቤት፣ የምትታከሙበት ቦታ፣ የምታመልኩበት ቦታ፣ ሁሉም ይውጣ። በኮምፒውተር ከጻፋችሁ ፋይሉ ውስጥ የጸሐፊው ስም ተደብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ አትማችሁ በወረቀት ስጡ፣ ወይም የታተመውን ስካን አድርጋችሁ ላኩ። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። በመግለጫው ውስጥ ለእሱ መልእክት መላክም ተዉ። ስድብም ልመናም አታስገቡ። እንዲህ ያለ ሰው የተጎጂውን ስሜት በእጁ ማግኘትን ራሱ እንደ ግንኙነት ሊቆጥረው ይችላል።

የአደጋው ማስረጃ

የጎልማሳ ወንድ የወሲብ ወንጀለኞችን አደጋ ለመለካት በብዙ አገር የሚሠራበት መሣሪያ ስታቲክ-99አር ይባላል። አሥር ጥያቄዎች አሉት፦ ሲፈታ የሚኖረው ዕድሜ፣ ከአንድ ጎልማሳ የትዳር ወይም የፍቅር አጋር ጋር ቢያንስ ሁለት ዓመት ኖሮ እንደሆነ፣ አሁን ከተፈረደበት ጋር ሌላ የኃይል ወንጀል መኖሩ፣ የቀድሞ የኃይል ወንጀል፣ የቀድሞ የወሲብ ወንጀል ክስና ፍርድ፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተፈረደበት፣ ያለ ንክኪ በተፈጸመ የወሲብ ወንጀል ጥፋተኛ መባሉ፣ ዘመድ ያልሆነ ተጎጂ፣ የማይተዋወቁት ተጎጂ፣ ወንድ ተጎጂ።

ይህን ዝርዝር አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው የት ላይ ቀዳዳ እንዳለ ያያል። ነጥብ የሚያሰጠው በአብዛኛው መዝገብ ላይ የሰፈረው ነው። አንድ ሰው አምስት ልጆች ጎድቶ በአንዷ ብቻ ከተከሰሰ፣ ሌሎቹ አራቱ ነጥቡ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። የራሱን ቤተሰብ ልጆች ብቻ የጎዳ፣ ያገባና ያረጀ ሰው ደግሞ በዚህ መለኪያ ዝቅተኛ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዝቅተኛ ነጥብ ስትሰሙ አትደንግጡ፤ ነጥቡ ያልያዘውን አሳዩ። ከዘመድ ውጭ የሆነ ተጎጂ በፍርዱ ወይም በፖሊስ ቃል ውስጥ ካለ፣ ገጹን ጠቅሳችሁ አመልክቱ። ያልተከሰሰበት ሌላ ተጎጂ ካለና ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ለቦርዱ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ለፖሊስ ቃሉን ይስጥ። መዝገብ ቁጥር ያለው ቃል ከማኅተም አልባ ደብዳቤ እጅግ ይበልጣል።

የለንደኑ ታክሲ ነጂ የጆን ዎርቦይስ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ጥቃት ያደረሰባቸው ጎልማሳ ሴቶች ነበሩ፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው። በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ቦርዱ ሊፈታው መወሰኑ ሲሰማ ሁለት ተጎጂዎች ጉዳዩን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰዱት። በመጋቢት ወር መጨረሻ ውሳኔው ተሻረ። የተሻረበት ምክንያት ቦርዱ ሰውየው ካልተፈረደባቸው ሌሎች ውንጀላዎች ጋር አመሳክሮ የእሱን ቃል ሳይመረምር መተዉ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ቦርዱ እንዳይፈታ ወሰነ፤ በ2019 ደግሞ አራት ሌሎች ሴቶች ላይ የፈጸመውን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ያሸነፈው ፋይሉ ምን እንደጎደለው በትክክል ማሳየት ነው።

እስረኛው የሚያቀርባቸው ክርክሮች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፤ መልሳቸውን አዘጋጁ።

«በማረሚያ ቤት ጠባዩ መልካም ነበር።» በማረሚያ ቤት ልጅ የለም። ልጆች ላይ ጥቃት የሚያደርስ ሰው ብዙ ጊዜ ለአለቃ የሚታዘዝ፣ ሥርዓት የሚያከብርና የሚመሰገን ሰው ነው፤ ከመታሰሩ በፊትም ወላጆች ያመኑት በዚሁ ጠባዩ ነበር። በፍርዱ ላይ ምስክሮች ስለ መልካም ስሙ የተናገሩበት ገጽ ካለ ጥቀሱት። ያ መልካም ስም ጥቃቱን እንዳላስቆመው ማሳያችሁ እሱ ነው።

«አርጅቷል።» ዕድሜ በጥቅሉ አደጋን እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ይህን መካድ ተዓማኒነታችሁን ይጎዳል። ይልቅ ያን ጊዜ የተጠቀመበት መንገድ ጉልበት ይጠይቅ እንደነበር መርምሩ። ስጦታ፣ የቤት ጥናት፣ የሃይማኖት አገልግሎት፣ ልጅ መጠበቅ፣ እነዚህ የ70 ዓመት ሰውም የሚችላቸው ናቸው።

«ሥልጠናውን ጨርሷል።» የትኛውን? ለወሲብ ወንጀል የተዘጋጀ ሕክምና ነው ወይስ ጠቅላላ የቁጣ መቆጣጠሪያ ወይም የሙያ ኮርስ? ስንት ወር ፈጀ? የመዝጊያ ሪፖርቱ ምን ይላል? ሪፖርቱን እናንተ ላታዩት ትችላላችሁ፤ ቦርዱ ራሱ እንዲጠይቅ ግን በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

ስለ ክህደት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እስከ ዛሬ አላመነም» የሚለው እናንተን ምን ያህል እንደሚያቆስል ግልጽ ነው። ለብቻው ግን ደካማ ክርክር ነው። መካዱ በራሱ ዳግም ጥቃት እንደሚያደርስ ጠንካራ ምልክት ሆኖ በጥናት አልተገኘም፤ በካሊፎርኒያ ሕጉ ቦርዱ እስረኛው ጥፋቱን ማመኑን እንደ ቅድመ ሁኔታ እንዲጠይቅ አይፈቅድም፣ በእንግሊዝም ስለካደ ብቻ አይከለከልም። ጠንካራው አቀራረብ መዘዙን ማሳየት ነው፦ ስለካደ ሕክምና አልገባም፤ ስላልገባ ልጅ አጠገብ ሲሆን ምን እንደሚቀሰቅሰውና እንዴት እንደሚሸሽ እቅድ የለውም።

ከፍርዱ በኋላ ያደረገውን መዝግቡ። በዘመድ በኩል የላከው መልእክት፣ «ይቅር በሉት» ብለው የመጡ ሽማግሌዎች፣ ከማረሚያ ቤት የደወለው ስልክ፣ በሌላ ስም የተከፈተ አካውንት፣ ቃላችሁን እንድትለውጡ የቀረበ ገንዘብ። ለእያንዳንዱ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ፤ መልእክቱን ከነቀኑና ከነላኪው ፎቶ አንሡት። በስልክ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ዝርዝር አዲስ ነው፣ ቦርዱ ከእናንተ ካልሆነ ከማንም አያገኘውም።

ከወጣ በኋላ የሚያርፍበትን ቤትም አጣሩ። ልጆች ያሉበት የእህቱ ቤት ነው? ጥፋቱን የማያምን ቤተሰብ ነው? ይህን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ተጎጂዎችና ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ቦርዱ የሚያየው ወረቀት «ከዘመዶቹ ጋር ይኖራል፣ ድጋፍ አለው» የሚል ሊሆን ይችላል።

የሌሎች ሰዎች ደብዳቤ

አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ስም ብቻ እየተቀየረ የመጣ 200 ደብዳቤ እንደ አንድ ደብዳቤ ይቆጠራል። ስድስት ወይም ስምንት የተለያዩ ደብዳቤዎች ይሻላሉ፤ እያንዳንዳቸው ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ይዘው። አስተማሪ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ሐኪም፣ ልጆቿ በዚያ ሰፈር የሚያድጉ እናት። አንድ ገጽ ይበቃል። ከሐኪም የሚመጣው ምርመራውንና የሕክምናውን ጊዜ የያዘ አጭር ማረጋገጫ ይሁን እንጂ የሕክምና መዝገባችሁ ሙሉውን አይሂድ፤ አንዴ ከገባ እስረኛው ሊያየው ይችላል።

ሁሉም በአንድ እጅ ተሰብስቦ፣ ገጹ ተቆጥሮ፣ ቅጂ ተይዞ፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ወይም ኢሜይል ተቀብሎ ይግባ። ከማስገቢያው ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ማለት ልማድ ይሁን።

ቢፈታስ? ግዴታዎቹን አሁኑኑ ጠይቁ

ግዴታ መጠየቅ ሽንፈትን መቀበል የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ከተፈታ በኋላ ማስጨመር በጣም ከባድ ስለሆነ «አይፈታ፤ ነገር ግን ቦርዱ ከፈታው ቢያንስ እነዚህ ይጣሉበት» ብሎ መጻፍ የተለመደና የተከበረ አሠራር ነው። በቀጥታም በሰውም በኩል እንዳይገናኝ፣ ከልጆች ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ ልጆች ባሉበት እንዳይሠራና በበጎ ፈቃድ እንዳያገለግል፣ ስልኩና ኮምፒውተሩ እንዲፈተሽ፣ ከተወሰነ አካባቢ እንዳይገባ።

የክልከላ ቀጠና ስትጠይቁ ካርታ አያይዙ፤ ወሰኑን በታወቁ መንገዶች አመልክቱ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ለምን እንደምትሄዱበት በአንድ መስመር ጻፉ። «ከተማው በሙሉ» የሚል ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል፤ በየቀኑ የምትረግጡት ቦታ ሲሆን ይፈቀዳል። ወጥመዱ ግን እዚህ ነው። ቀጠናው ለእስረኛው ይነገረዋል። ቤታችሁን መሀል ላይ አድርጋችሁ ክብ ከሣላችሁ፣ እስከዚያ ቀን ያላወቀውን አድራሻ ራሳችሁ ነገራችሁት። ቤቱ ወደ ጠርዝ እንዲሆን ወሰኑን አዛንፉ፣ የሥራ ቦታንና የዘመድ ቤትን አንድ ላይ አጠቃሉ፤ የት እንደምትኖሩ ፈጽሞ የማያውቅ ከሆነም ቀጠና ከመጠየቅ ያለመገናኘት ትእዛዝ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ከኦፊሰራችሁ ጋር ተመካከሩ።

ብዙ ሆናችሁ ስትሠሩ

የአንድ ሰው ተጎጂዎች ሲገናኙ ትልቅ ብርታት ይገኛል። አደጋም አለው። አዲስ ክስ ሊከፈት የሚችል ከሆነ የጥቃቱን ዝርዝር እርስ በርሳችሁ አታውሩ፣ የመግለጫ ረቂቅ አትለዋወጡ፤ ጠበቃው «ተመካክረው የፈጠሩት ነው» ለማለት ሌላ አያስፈልገውም። ስለ ቀጠሮ፣ ስለ አሠራር፣ ስለ ድጋፍ ግን እንደልባችሁ ተነጋገሩ።

ሌሎች ተጎጂዎችን በፌስቡክ እየፈለጉ ድንገት መልእክት መላክ አይገባም። ባሏ የማያውቅ አለች፤ ረስቶ ለመኖር ዓመታት የታገለ አለ። በተጎጂ ጉዳይ ኦፊሰር ወይም በጠበቃ በኩል «መገናኘት የሚፈልግ ካለ» ተብሎ ይነገር፣ ምርጫው የእነሱ ይሁን። መሳተፍ ያልፈለገች ተጎጂ ማብራሪያ አይጠየቅባትም። የጥቃት አድራሹ የገዛ ልጅ የሆነች ተጎጂ አባቷ እንዲወጣ ልትፈልግም ትችላለች፤ ይህ ሲሆን መወቃቀስ ቡድኑን ይበትነዋል።

ወደ አደባባይ ከመውጣታችሁ በፊት የስም ምስጢርን ሕግ እወቁ። በእንግሊዝ የወሲብ ወንጀል ተጎጂ ማንነት ዕድሜ ልክ የተጠበቀ ነው፤ ራሷ ፈቅዳ መውጣት ትችላለች፣ የሌላዋን ግን ማውጣት አትችልም። ጥቃት አድራሹ አባት ወይም አጎት ከሆነ የእሱን ስም መጥራት ብቻውን እህቶችን ሁሉ ያጋልጣል። ስለ እሱ ስትናገሩ በፍርዱ ቃል ተወሰኑ፦ በምን ወንጀል፣ በየትኛው ፍርድ ቤት፣ መቼ ጥፋተኛ ተባለ። ከዚያ የዘለለ ክስ የስም ማጥፋት ክስ ይጠራል። ለጋዜጠኛ ስትናገሩ የማይጻፈውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ከተነገረ በኋላ «ይህን አታውጣ» ማለት አይሠራም።

ፊርማ የሚሠራው ሕግ ለማስለወጥ ነው። ለእንግሊዝ ፓርላማ የቀረበ ፊርማ 10,000 ሲደርስ መንግሥት መልስ ይሰጣል፣ 100,000 ሲደርስ ለክርክር ይታሰባል። የአንድን ሰው አመክሮ ግን አያስቆምም። ወደፊት የሚኖርበትን ቤት አድራሻ መለጠፍ ደግሞ በፍጹም አይደረግ። ሰውየው ሸሽቶ ከተቆጣጣሪው ከተሰወረ የሚጎዱት ልጆች ናቸው፤ መለጠፉም እንደ ዛቻ ተቆጥሮ በእናንተ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

የችሎቱ ቀን

ቀጠሮ ይተላለፋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜም ሊሆን ይችላል። የሥራ ፈቃድ፣ የልጅ ጠባቂና የሕክምና ቀጠሮ ስታቅዱ ይህን ግምት ውስጥ አስገቡ። ከአማካሪ ጋር አንድ ቀጠሮ ከችሎቱ በፊት፣ አንዱን በማግስቱ ያዙ።

በቪዲዮ መቅረብ፣ ድምፅ ብቻ መቅዳት ወይም ሌላ ሰው እንዲያነብላችሁ ማድረግ የሚፈቀድ መሆኑን ጠይቁ። እስረኛው በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይኖር እንደሆነም እንዲሁ፤ ይህን በር ላይ ደርሶ ማወቅ ይሰብራል። መግለጫውን በትልቅ ፊደል፣ በየአንቀጹ ሰፊ ክፍተት ትታችሁ አትሙት። አብሯችሁ የሚቀመጠው ሰው ቅጂ ይያዝ፤ ድምፅ ሲቆም ከዚያው መስመር እንዲቀጥል አስቀድማችሁ ተለማመዱት። ካስገባችሁት ጽሑፍ ውጭ አዲስ ነገር መጨመር ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ማልቀስ ችግር የለውም፤ ቦርዱ ይጠብቃል። ስትጨርሱ ውጡ፤ ብዙ ቦታ የቀረው ክፍል ለእናንተ ክፍት አይደለም፣ ክፍት ቢሆንም የእሱን ቃል መስማት ግዴታችሁ አይደለም።

ከውሳኔው በኋላ

ከተፈታና ውሳኔው ስህተት አለው ካላችሁ ጊዜው በቀን የሚቆጠር ነው። በእንግሊዝ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙዎቹ የመፍቻ ውሳኔዎች ለ21 ቀን ጊዜያዊ ናቸው፤ ተጎጂው በራሱ ማመልከት ባይችልም የፍትሕ ሚኒስትሩ እንዲያመለክት መጠየቅ ይችላል። «ውሳኔው አሳዘነን» ምክንያት አይሆንም። የሥነ ሥርዓት ጉድለት፣ የሕግ ስህተት ወይም ማንም ምክንያታዊ ቦርድ የማይደርስበት መደምደሚያ መሆን አለበት። የውሳኔውን ማጠቃለያ ጠይቁና እያንዳንዱን አንቀጽ ካስገባችሁት ማስረጃ ጋር አስተያዩት። ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶችን ደፍሮ የገደለው የኮሊን ፒችፎርክ ጉዳይ ሁለቱንም ውጤት አይቷል፤ በ2021 የተጠየቀው ዳግም ምርመራ ውድቅ ሆነ፣ በ2023 የተጠየቀው ግን ተቀባይነት አግኝቶ በታኅሣሥ ቦርዱ እንዳይፈታ ወሰነ። በመካከል፣ በመስከረም 2021 ወጥቶ የነበረው ሰው ሦስት ወር ሳይሞላው ተመልሶ ታስሯል፤ መንገድ ላይ ወጣት ሴቶችን ሲቀርብ በመታየቱ ነበር።

ግዴታ ሲጣስ ካያችሁ አትከተሉት፣ አታናግሩት፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ አትጠጉት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ለብሶ ምን ሲያደርግ እንደነበረ፣ ከእናንተ ሌላ ማን እንዳየ ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለተቆጣጣሪው አሳውቁ፤ የአቤቱታውን ቁጥር ተቀበሉ። አንድ ጊዜ መታየቱ ትንሽ ቢመስል እንኳ አስመዝግቡት፤ ሦስተኛው ሪፖርት ክብደት የሚያገኘው ሁለቱ ስለቀደሙት ነው።

ካልተፈታ የሚቀጥለውን ችሎት ቀን ጠይቁ። በካሊፎርኒያ 3፣ 5፣ 7፣ 10 ወይም 15 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ እስረኛው ቀኑ እንዲቀርብለት ማመልከት ስለሚችል አድራሻችሁ ሁልጊዜ የታደሰ ይሁን። ያስገባችሁትን ሁሉ ከነደረሰኙ በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ አንዱን ቅጂ ደብዳቤውን ከፍቶ ለሚያነብላችሁ ሰው ስጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ከባዶ ወረቀት አትጀምሩም፤ ከዛሬው መግለጫ ላይ የተለወጠውን ብቻ ትጨምራላችሁ።